«ውሃ የማልጠጣው ወድጄ አይደለም» — ስለ ግቢ ገመናና ስለ አንድ ቀላል ግርዶ

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ፍቅር አይደለም። ስለ ቅናትም ስለ ጥሎሽም አይደለም። ስለ ሽንት ቤት ነው። «በስመ አብ! ምነው፣ ርዕስ ጠፋ እንዴ?» የምትሉ አትጠፉም። ገጹን ከመገልበጣችሁ በፊት ግን ሁለት ደብዳቤ ላንብብላችሁ። ከዚያ በኋላ ብትገለብጡት አልቀየማችሁም።

የመጀመሪያው የመጣው ከቢቸና ነው። ጸሐፊዋ የ23 ዓመት ወጣት ናት። ስሟን እንደተለመደው ትተነዋል። እንዲህ ትላለች፦

«ተቀጥሬ ሱቅ እሸጣለሁ። የተከራየሁበት ግቢ ውስጥ ስድስት ክፍል አለ፤ ሽንት ቤቱ ግን አንድ ነው። በሩ ከግቢው መግቢያ ፊት ለፊት ነው። መግቢያው ላይ ደግሞ የእንጨት አግዳሚ አለ፤ የሰፈሩ ጎረምሶች ከዚያ አግዳሚ ተነስተው አያውቁም። የሽንት ቤቱ በር ቆርቆሮ ነው፤ ከታችም ከላይም ክፍት ነው። መቀርቀሪያው ከወለቀ ቆይቷል። በአንድ እጄ በሩን ይዤ ነው የምቀመጠው። ስገባም ስወጣም ያዩኛል። አንድ ቀን አንደኛው ‹ዛሬስ ቆየሽ!› ብሎ አሳቀብኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ከጠዋት እስከ ማታ ውሃ አልጠጣም። ሲጨልም ነው የምወጣው። የሥራ ባልደረቦቼ ‹ምን ዓይነት ጾም ነው የያዝሽው?› ይሉኛል። ውሃ የማልጠጣው ወድጄ አይደለም። ቤቱን እንዳልለቅ ኪራዩ ይመቸኛል፤ አከራዬም ደግ እናት ናቸው። ምን ትመክሪኛለሽ?»

ሁለተኛው ደብዳቤ ከሞጣ ነው። ጸሐፊው ካገባ አራት ወሩ ነው።

«የባለቤቴ ቤተሰቦች ለበዓል ሊመጡብን ነው። በረንዳችን ላይ ቁጭ ሲባል ፊት ለፊት የሚታየው ጥቁር ሮቶ፣ ዝገት የበላቸው ሁለት በርሜሎች፣ የቆሻሻ ጆንያና የመብራት ቆጣሪ ከነተንጠልጣይ ሽቦው ነው። ባለቤቴ ‹አባቴ ይህን እያየ ቡና ሊጠጣ ነው? ግንብ እናስገንባ› ትላለች። እኔ ደግሞ ደሞዜን አውቀዋለሁ። በዚህ ነገር ሦስት ቀን ተኮራርፈናል።»

አንዱ ደብዳቤ ያሳዝናል፤ አንዱ ፈገግ ያሰኛል። መድኃኒታቸው ግን አንድ ነው፤ ሦስት ቋሚ፣ አራት ማገር፣ አንድ ሸክም ሸንበቆና የአንድ ቀን ሥራ። ቢቸናም ሆነ ሞጣ ነውና ሰንበትም በዓልም ያልሆነ ቀን መፈለጉ ብቻ ትንሽ ሊያስቸግር ይችላል!

ሁለቱንም ከተሞች አውቃቸዋለሁ። ቢቸና 12ኛ ክፍልን የጨረስኩባት ናት። ሞጣ ደግሞ አክስቴ ስለምትኖር ክረምት ክረምት እሄድ ነበር። ከደጀን ተነስቶ በቢቸናና በደብረ ወርቅ አልፎ ሞጣ፣ ከዚያም በአዴት ባሕር ዳር የሚገባውን መንገድ የተጓዛችሁ የግቢዎቹን መልክ ታውቁታላችሁ። ከውጭ ቀለም የተቀባ የቆርቆሮ በር አለ። በሩን ከፍታችሁ ስትገቡ ዙሪያውን የኪራይ ክፍሎች፣ መሐል ላይ የጋራ ቧንቧ፣ ጥግ ላይ የጋራ ሽንት ቤት ታገኛላችሁ። ላዩን አይቶ ውስጡን ለቄስ ማለት ይህ ነው። አዲስ አበባ ያላችሁም አትሳቁ፤ የእናንተም የኪራይ ግቢ ከዚህ አይለይም።

የሚጋረደው የሚያሳፍር ብቻ ነው እንዴ?

ስለ ግርዶ ሲነሳ አንዳንድ ሰው «ለታይታ ነው፣ የሀብታም ጨዋታ ነው» ይላል። እስቲ ወደ ወላጆቻችን ቤት እንመለስ። በገጠሩ ቤት ጓዳውን ከእንግዳ መቀበያው የሚለየው ግርዶ ነው። ቤቱ የቱንም ያህል ቢጠብ እናት ዱቄቷን፣ ማሰሮዋንና የዕለት ችግሯን ከግርዶው ኋላ ታደርጋለች። እንግዳው ምን እንደጎደለ ሳያውቅ በልቶ ጠጥቶ መርቆ ይሄዳል።

ደግሞም የሚጋረደው የሚያሳፍር ነገር ብቻ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን መቅደሱ በመጋረጃ ነው የሚከለለው። በድሮ ጊዜ ንጉሥ ሲበላ ይጋረድ ነበር። ሙሽራም ትሸፈናለች። በእኛ አገር የሚከበር ነገር ይጋረዳል። ስለዚህ ያቺ የቢቸና ልጅ የፈለገችው ቅንጦት እንዳይመስላችሁ። ንጉሥ ለምሳው የሚያገኘውን ያህል ክብር እሷም ለሽንት ቤቷ ብትፈልግ ምን ያስገርማል?

በዚያ ላይ የጤና ጉዳይም አለ። ቀኑን ሙሉ ውሃ አለመጠጣትና ሽንትን መቋጠር ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ያጋልጣል፣ ለኩላሊት ጠጠርም በር ይከፍታል፣ ሆድም ያደርቃል። ሴቶች ደግሞ በተፈጥሯችን የሽንት ቧንቧችን አጭር ስለሆነ ኢንፌክሽኑ በቀላሉ ይይዘናል። እህቴ፣ ሲሸኑ ማቃጠል፣ የወገብ ሕመም ወይም ትኩሳት ካለሽ ግርዶው እስኪሠራ አትጠብቂ፤ ጤና ጣቢያ ሂጂ።

ሞጣ አካባቢ የሆነ ታሪክ

ይህ ችግር የአንዲት ልጅ ብቻ ቢሆን ኖሮ በግል መልስ በላክሁላት ነበር። ግን እዚያው አገራችን፣ ሞጣ ባለችበት በሁለት እጁ እነሴ ወረዳ የሆነውን ላጫውታችሁ።

እ.ኤ.አ. በ2004 በዚህ ወረዳ ነዋሪው በራሱ እጅ ከ22 ሺህ በላይ የጉድጓድ ሽንት ቤት ሠርቷል። አዎ፣ በአንድ ዓመት፣ በአንድ ወረዳ! ሥራው የትራኮማ መከላከያ ዘመቻ አካል ነበር፤ የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር የመሠረቱት ካርተር ሴንተር ከጤና ቢሮው ጋር ያካሄደው ነው። በዚያው ዓመት ለአማራ ክልል በሙሉ የታሰበው 10 ሺህ ያህል ሽንት ቤት ነበር፤ የተሠራው ግን ከ80 ሺህ በላይ ሆነ።

የዘመቻው ዓላማ ዝንብ ነበር። ከዓይን ወደ ዓይን ትራኮማ የምታዛምተው ዝንብ የምትራባው ሜዳ ላይ በተጣለ ዓይነ ምድር ነው። ጉድጓድ ውስጥ ከገባ ግን አይመቻትም። ታዲያ ሕዝቡ ከታቀደው በላይ እንዲህ የተረባረበው ዝንብ ጠልቶ ብቻ ነው? በሥራው የነበሩት ሰዎች በኋላ እንደተናገሩት ዋናውን ግፊት ያደረጉት ሴቶቹ ናቸው። በቀን ብርሃን ሜዳ መውጣት ለሴት ነውር ነው። ስለዚህ ከንጋት እስከ ጨለማ ይታገሱ ነበር። ከጭለማ እስረኝነት በምን ይለያል? ሽንት ቤት ሲመጣ በቀን መውጣት ቻሉ። ግድግዳውም ቢሆን እንጨት፣ ጭቃና ሣር ነበር፤ እምነ በረድ የጠየቀ የለም።

እንግዲህ ልብ በሉ። የሞጣ አካባቢ የገጠር እናቶች ከ20 ዓመት በፊት የተገላገሉትን ችግር፣ ከተማ ውስጥ ደሞዝ የምትበላ ልጅ ዛሬም ተሸክማው ትኖራለች። ጉድጓዱ አለ፤ የጠፋው ግርዶው ነው።

መጀመሪያ ቁጭ በሉ

ወደ ሥራው እንግባ። ሸንበቆ ከመግዛታችሁ በፊት ወንበር አውጡና ቁጭ በሉ። የት? የሚያየው ሰው የሚቀመጥበት ቦታ። የሞጣው ወንድሜ በረንዳው ላይ አማቱ በሚቀመጡበት ወንበር ይቀመጥ። የቢቸናዋ እህቴ ደግሞ ጎረምሶቹ በሌሉበት ሰዓት አግዳሚው ላይ ትቀመጥ። ሌላ ሰው ረጅም እንጨት ይዞ በማየውና በዕቃው መሐል ይቁም፤ «ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ በቃ!» በሉት። የቆመበትን መሬት በጠጠር ምልክት አድርጉበት። ግርዶው የሚተከለው እዚያ ነው።

አንድ ብልሃት ልንገራችሁ። ግርዶ ወደ ተመልካቹ በቀረበ መጠን ማነስ ይችላል። ሮቶው 2 ሜትር ስፋት ቢኖረውና ከወንበሩ 8 ሜትር ቢርቅ፣ መሐል መንገድ ላይ፣ ማለትም 4 ሜትር ላይ የሚተከል የ1 ሜትር ግርዶ ይሸፍነዋል። ወንበሮቹ ብዙ ከሆኑ ግን ትንሽ ጨምሩበት፤ አማትና አማች አንድ ወንበር ላይ አይቀመጡም። ለሽንት ቤት ይህ ብልሃት አይሠራም። ሰው ከየአቅጣጫው ስለሚያልፍ ግርዶው በሩ አጠገብ መሆን አለበት።

የሚያስፈልገው ዕቃ

2 ሜትር ስፋትና 2 ሜትር ቁመት ላለው ግርዶ ይህን አዘጋጁ፦

— ሦስት የባሕር ዛፍ ቋሚ፣ እያንዳንዱ 2 ሜትር ተኩል፣ ውፍረቱ የእጅ አንጓ የሚያህል።
— አራት ቀጭን ማገር፣ እያንዳንዱ 2 ሜትር።
— በአውራ ጣት ውፍረት 80 ያህል ሸንበቆ። ለሽንት ቤት ከሆነ ቀዳዳ እንዳይኖረው 100 ይሁን።
— ለብረት ማሰሪያ የሚሆነው ቀጭን ጥቁር ሽቦ፣ ፒንሳ፣ ጥቂት ሚስማር።

ሸንበቆ ካላገኛችሁ ቀርከሃ ይሁን። ከአገው ምድር፣ ከእንጅባራ በኩል የሚመጣውን ቀርከሃ ጎጃሜ ሁሉ ያውቀዋል። ስትገዙ ለጋውን አትውሰዱ። ቢያንስ ሦስት ዓመት የሞላውንና በበጋ የተቆረጠውን ምረጡ፤ ለጋው ውስጡ ጣፋጭ ስለሆነ ነቀዝ ይወደዋል። ለሁለት ሰንጥቃችሁ ብትጠቀሙበት ግማሹ ይበቃችኋል። ከዚህ ሁሉ ርካሹ የማሽላ አገዳ ነው፤ ግን ክረምት አይችልም። አማት እስኪመጡና እስኪመለሱ ያገለግላል።

የማዳበሪያ ጆንያ፣ ላስቲክና አሮጌ ሸራ ግን ይቅርባችሁ። ፀሐይ በጥቂት ወር ትበጣጥሰውና ከተደበቀው ዕቃ ይልቅ ደባቂው ያስቀይማል። አሮጌ ቆርቆሮም ንፋስ በመጣ ቁጥር ሲንኳኳ ያድራል፤ ጠርዙም ልጆችን ይቆርጣል።

አሠራሩ

አንደኛ፣ የቋሚዎቹን የታችኛውን ጫፍ አንድ ክንድ ያህል እሳት ላይ እያገላበጣችሁ ላዩ እስኪጠቁር ለብልቡት። ምስጥና እርጥበት ቶሎ እንዳይበላው አባቶቻችን ያደርጉት የነበረ ነው። ጋራዥ አካባቢ ያላችሁ የተቃጠለ ዘይት ትቀቡ ይሆናል፤ የውሃ ጉድጓድ ወይም ቧንቧ አጠገብ ከሆነ ግን ዘይቱን ተዉት፣ መለብለቡ ይበቃል።

ሁለተኛ፣ አንድ ክንድ፣ ማለትም ግማሽ ሜትር ቆፍራችሁ ቋሚዎቹን በ1 ሜትር ርቀት ትከሉ። ዙሪያውን ድንጋይ እየጨመራችሁ ጠቅጥቁት። ትንሽ አፈር ከፍ አድርጋችሁ ደልድሉት፤ የክረምቱ ውሃ ሥሩ ላይ እንዳይተኛ።

ሦስተኛ፣ አራቱን ማገሮች ከታች ወደ ላይ እኩል እኩል አራርቃችሁ በሚስማር ምቱና በሽቦ አጥብቁ። ሚስማር ብቻውን ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይላላል፤ ሽቦው ነው የሚይዘው።

አራተኛ፣ ሸንበቆውን አንድ በአንድ አቁማችሁ ከማገሩ ጋር ሽቦውን እንደ ሰሌን እየጠለፋችሁ እሰሩት። አንዱን ወፍራም ጫፉን ወደ ታች፣ ቀጣዩን ወደ ላይ አድርጉት፤ አለበለዚያ ግርዶው ወደ አንድ ጎን እየተጣመመ ይሄዳል። ለሮቶና ለበርሜል ከሆነ በየመሐሉ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ክፍተት ተዉ። ድፍን ያለ ግርዶ ንፋስ ሲመጣ እንደ ሸራ ይገፋና ይወድቃል፤ ክፍተት ያለው ግን ንፋሱን ያሳልፋል። ዓይን ከሩቅ ክፍተቱን አይለየውም።

አምስተኛ፣ ሸንበቆው መሬት አይንካ። አንድ ስንዝር ከፍ ይበል። ከታች እርጥበት አይጠጣም፣ መጥረጊያም ያስገባል። ሌላም ጥቅም አለው፤ ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

እጅጌና ቀንድ አውጣ

ስለ ቅርጹ ትንሽ ልበል። ጃፓኖች ከቤታቸው ግድግዳ አጠገብ የሚያቆሟት አጭር የቀርከሃ አጥር አለቻቸው፤ ስሟ «ሶዴጋኪ» ይባላል፣ «የእጅጌ አጥር» ማለት ነው። እንደ ቀሚስ እጅጌ ከግድግዳው ወጣ ብላ ማየት የማይፈለገውን ጥግ ትሸፍናለች። ግቢውን በሙሉ ማጠር አያስፈልግም። ለበርሜሎቹና ለሮቶው እጅጌ ይበቃል። አንዱ ጫፍ ግድግዳ ላይ ስለሚታሰር ቋሚ ይቆጥባል፤ ንፋስም በቀላሉ አይጥለውም።

ለሽንት ቤት ሁለት አማራጭ አለ። ቀላሉ ከበሩ ፊት ለፊት 1 ሜትር ያህል ራቅ ብሎ የሚቆም ግርዶ ነው። በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት ከሆነ እንዳይነካው ለኩ። ሰው ከጎን ዞሮ ይገባል፤ አግዳሚው ላይ ያለው ሸንበቆ ብቻ ያያል። ሁለተኛው የቀንድ አውጣ ቅርጽ ነው። ግድግዳው እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት ዞሮ ወደ ውስጥ ይገባል፤ በር የሚባል ነገር የለውም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዛሬ ዚምባብዌ በምትባለው አገር የተፈለሰፈው «ብሌር» የሚባለው ሽንት ቤት እንዲህ ነው። በር ስለሌለው ማጠፊያውም መቀርቀሪያውም አይሰበርም። ከአዲስ ለሚሠራ ሰው የምመክረው ይህን ነው። መግቢያው ግን ለነፍሰ ጡርና ምርኩዝ ለሚይዝ ሽማግሌ እንዲበቃ 90 ሳንቲ ሜትር ይሁን።

ሸንበቆ ላይ ገንዘብ ማውጣት የማይፈልግ ደግሞ ሰኔ ሲገባ ሰንሰል ቆርጦ ይትከል፤ በክረምቱ ዝናብ በቀላሉ ይጸድቃል። ጌሾም ከጋረደ በኋላ ለጠላ ይሆናል። ቅንጭብን ግን ልጆች ባሉበት ግቢ አትትከሉ፤ ነጩ ደሙ ዓይን ውስጥ ከገባ አደገኛ ነው። ሸንበቆው ላይ ቅል ወይም አደንጓሬ ብታስወጡበት ደግሞ መስከረም ላይ ግርዶው ራሱ የግቢው ጌጥ ይሆናል።

ግርዶ ዓይንን እንጂ እጅን አይከልክል

እዚህ ላይ አደራ የምላችሁ ነገር አለ። ግርዶ የሚሠራው እንዳይታይ ነው፤ እንዳይደረስበት ግን አይደለም። ይህን የረሳ ሰው ከችግር ወደ ችግር ይሄዳል።

የመብራት ቆጣሪ፦ አትሸፍኑት። ቆጣሪ አንባቢው ሲመጣ፣ ካርድ የምትሞሉም ራሳችሁ፣ መድረስ አለባችሁ። ድንገት ብልጭ ካለ ደግሞ ማጥፊያውን ፍለጋ ሸንበቆ መፍታት የለም። ደረቅ ሸንበቆ እንደ ክብሪት ነው፤ ከቆጣሪው፣ ከሽቦውና ከማድ ቤቱ እሳት አርቁት። ከመብራት ምሰሶና ሽቦ ጋር ምንም ነገር አትሰሩ። ቆጣሪው እንዳይታይ ከፈለጋችሁ የእጅጌ ግርዶ ከሩቅ፣ ከበረንዳው በኩል አቁሙ።

ሮቶ፦ ጥላ ቢያገኝ ይጠቅመዋል፤ ጥቁር ላስቲክ ፀሐይ ላይ ሲውል ውሃው ይሞቃል፣ ላስቲኩም ዕድሜው ያጥራል። ክዳኑና ቧንቧው ጋ ግን ሰው የሚያልፍበት ቦታ ተዉ፤ መታጠብ አለበት።

ዲሽ፦ ከፊቱ ምንም አይቁም። ከጀርባው እንደፈለጋችሁ። አለበለዚያ ኳስ በሚታይበት ቀን ግቢው ሁሉ ይረግማችኋል።

የሽንት ቤት ቱቦ፦ የሽታ ማስወጫውን ቱቦ ግርዶው አይሸፍነው። ዝንብ ብርሃን ትከተላለች። ውስጡ ጨለም ያለ ከሆነ በቱቦው በኩል ወደሚታየው ብርሃን ትወጣና አናቱ ላይ ባለው ወንፊት ትያዛለች። ወንፊት ከሌለው ዛሬውኑ አድርጉለት።

ቆሻሻ፦ ይህ አይጋረድም፤ ይወገዳል። የቆሻሻ ጆንያ ጋርዶ መተው ለአይጥ ቤት መሥራት ነው። የሞላ ጉድጓድም እንደዚሁ። ግርዶ የሚሠራው ከጽዳት በኋላ ነው።

ጨለማ፦ ከታች የተዉነው አንድ ስንዝር ክፍተት ሌላው ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። እግር ይታያል፤ ስለዚህ ሰው መኖሩ ይታወቃል፤ ክፉ ሰውም ከግርዶ ኋላ ተደብቆ ሊጠብቅ አይችልም። የሴት ልጅ አካል ይጋረድ እንጂ እርዳታ የምትጠራበት መንገድ አይጋረድ። ከላይ አንዲት አምፖል ካለች በጣም ጥሩ፤ ከሌለች ባትሪ ይዛችሁ ውጡ።

ለቢቸናዋ እህቴ

እታለሜ፣ ቤት አትልቀቂ። መጀመሪያ መቀርቀሪያውን አስገጥሚ፤ የአንድ ሚስማርና የአንድ ቁራጭ እንጨት ጉዳይ ነው። ይህን ነገ ማድረግ ትችያለሽ።

ቀጥሎ አከራይሽን ብቻቸውን በሆኑበት ሰዓት፣ ቡና ሲያፈሉ ጠጋ በያቸው። «ሽንት ቤትዎ መጥፎ ነው» ብለሽ እንዳትጀምሪ፤ ቤታቸውን የነቀፍሽባቸው ይመስላቸዋል። «እትዬ፣ ለግቢያችን አንዲት ግርዶ ብናቆም ብዬ አስቤ ነበር። ወጪውን እኛ ተከራዮቹ እናዋጣለን። እርስዎ ቦታውን ብቻ ያሳዩን» በያቸው። ወጪው ለስድስት ክፍል ሲካፈል ለአንድ ሰው የሚደርሰው ቀላል ነው። ከስድስቱ ክፍል የሴት ልጅ አባት፣ የእህት ወንድም አይጠፋምና የሚቃወምሽ ያለ አይመስለኝም። ሌሎቹ ሴቶችም ያንቺን ያህል ሲታገሱ ኖረው ይሆናል፤ ማንም ቀድሞ ስላልተናገረ ነው። ብቻሽን አትሂጂ፤ አንዷን ጨምሪና ሂጂ። ድንገት ቤቱን ብትለቂ ግርዶው ለግቢው እንደሚቀርም ከወዲሁ ተነጋገሩ፤ በኋላ «ሸንበቆዬን ነቅላ ሄደች» እንዳይመጣ።

ስለ ጎረምሶቹ ደግሞ ይህን ሞክሪ። ከመሐላቸው አንድ ታላቅ የሚባል ይኖራል። የግርዶው ዕለት «ወንድሜ፣ ጉድጓድ የሚቆፍርልን አጣን» በይው። ዶማውን ራሳቸው ያንሱ፤ ራሳቸው ይትከሉት። ሰው በላቡ የተከለውን ነገር አሻግሮ ለማየት ያፍራል። «ዛሬስ ቆየሽ» ያለሽ ልጅ ከዚያ በኋላም ካልተወሽ ግን ነገሩ የግርዶ ጉዳይ አይደለም። ለአከራይሽና ለሰፈሩ ሽማግሌዎች፣ ካስፈለገም ለፖሊስ ተናገሪ። ነውሩ የእሱ እንጂ የአንቺ አይደለም።

እናንተ አግዳሚ ላይ የምትቀመጡ ወንድሞቼም ይህን ጋዜጣ እንደምታነቡ አውቃለሁ። እስቲ ዛሬ ቀና በሉና ከተቀመጣችሁበት ፊት ለፊት የሚታየው ምን እንደሆነ እዩ። በር ከሆነ አግዳሚውን አዙሩት። ለዚህ ሸንበቆ እንኳ አያስፈልግም።

ለሞጣው ወንድሜ

አንተ ደግሞ ባለቤትህን «ለታይታ ነው» አትበላት። አባቷ ቤትሽ ያምራል ብለው እንዲሄዱ መመኘቷ ጥፋት አይደለም። እሷም ግንብ የምትለው ሌላ አማራጭ ስላልታያት ይሆናል። ይህን ገጽ ስጣት። ከዚያ ጆንያውን አስወግዱ፤ አንዱ በርሜል የማይጠቅም ከሆነ ለቆርቆሮ ያለው ይሽጥ፤ ሁለተኛውን ቀለም ቀቡት። የሚቀረው ሮቶውና ቆጣሪው ነው። ከግድግዳው አንዲት እጅጌ አውጡና ጨረሳችሁ። ተከራይ ከሆናችሁና መሬት መቆፈር ካልተፈቀደላችሁ ሦስት ጠባብ ግርዶ ሠርታችሁ በአሮጌ ጎማ ላስቲክ እንደ መጽሐፍ አያይዟቸው። በመጠኑ አጥፋችሁ ስታቆሙት ራሱን ችሎ ይቆማል፤ ከታች ድንጋይ አስደግፉት። ቤት ስትቀይሩም ተሸክማችሁት ትሄዳላችሁ።

ሸንበቆውን ደግሞ ለብቻህ አትሰር። አንዱ ያቀብላል፣ አንዱ ይጠልፋል። 80 ሸንበቆ እስኪያልቅ ተኮራርፎ መቀመጥ አይቻልም።

በሉ እንግዲህ፣ ለዛሬ በዚህ ይብቃን። የሠራችሁት ግርዶ እንዴት እንደሆነ ጻፉልኝ። ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ። አንቺም የቢቸናዋ፣ ውሃሽን ጠጪ።